ገመዱ ከላላ ለምን አይበጠስም?



ከሚድ ፈተና በኋላ ወደ ጀመዓችን የትምህርት ክፍል ከሚመጡት ጥያቄዎች መካከል ሁልጊዜ የማይቀር አንድ አለ። "በሁለት ገመድ የተንጠለጠለ ክብደት ሲሰጠን የእያንዳንዱን ገመድ ቴንሽን እንዴት እናገኛለን?" የሚል ነው። ብዙ ፍሬሽማን ተማሪዎች ክብደቱን ለሁለት ከፍለው ይመልሱና ማርኩ ሲጎድልባቸው ይገረማሉ። ገመዱ ሁለት፣ ክብደቱ አንድ፤ ታዲያ ለሁለት ቢካፈሉት ምን ችግር አለው?

ችግር እንዳለው እኛ ራሳችን ያረጋገጥነው ፈተና ላይ ሳይሆን ሰርግ ቤት ነው። ስለዚህ ከዚያ እንጀምርና ወደ ሒሳቡ፣ ከዚያም ወደ አባይ ድልድዮች እንሄዳለን።

ከላላ ላይ የሆነው

የአንዱ ወንድማችን እህት ኒካህ ከላላ ላይ ነበር። ለማገዝ ከመካነ ሰላም ስድስት ሆነን ሄድን። ስንደርስ ዳሱ ተጥሏል፣ ሸራው ተወጥሯል፣ ጄኔሬተሩም መጥቷል። የቀረው መንዙማው ለሁሉም እንዲሰማ ስፒከሩን ከዳሱ መሃል ከፍ አድርጎ መስቀል ነው። ግራና ቀኝ ያሉት የባሕር ዛፍ ምሰሶዎች በ6 ሜትር ይራራቃሉ። የናይሎን ገመዱን አንድ ጫፍ ከአንደኛው ምሰሶ ጋር አሰርን። 12 ኪሎ የሚመዝነውን ስፒከር ከገመዱ መሃል ላይ ቋጠርነው። ሌላውን ጫፍ በሁለተኛው ምሰሶ ባላ ላይ አሳልፈን ሦስት ሆነን መሳብ ጀመርን።

ስፒከሩ ከፍ አለ፤ ገመዱ ግን መሃሉ ላይ ረግቦ ወደ ታች ሰርጎ ነበርና ለዓይን አላማረንም። ፊዚክስ ላይ ኤ ያለው ወንድማችን "ቀጥ እስኪል ይወጠር" አለ። አጠገባችን ቆመው ያዩን የነበሩ አንድ አባት፣ "ተዉት ልጆቼ፣ ይርገብ። ገመድ ከላላ ነው ክብደት የሚችል" አሉን። በአገራቸው ስም የሚቀልዱ መሰለንና ሳቅን። "እሺ አባባ" ብለን መሳባችንን ቀጠልን።

ገመዱ ለዓይን ቀጥ ያለ ሲመስለን፣ መርገቡም ከስንዝር ሲያንስ፣ ጫፉን ቋጠርነው። ገና ዞር ሳንል ገመዱ ጧ ብሎ ተበጠሰ። ስፒከሩ የወደቀው ጥቂት ቀደም ብሎ ሕፃናት ተቀምጠውበት በነበረ ምንጣፍ ላይ ነው። ልጆቹ ለምሳ ተነስተው ነበር፤ አልሐምዱሊላህ። የተዋስነውን ስፒከር ዋጋ ከኪሳችን አዋጥተን ከፈልን።

ያሳፈረን ግን ገንዘቡ አይደለም። ልክ ይህንኑ የመሰለ ጥያቄ ከሁለት ሳምንት በፊት ሚድ ላይ መጥቶ ሦስታችንም በትክክል ሠርተነው ነበር። ወረቀት ላይ ያወቅነውን ዳስ ውስጥ ስናገኘው አላወቅነውም። ያ ቀለም ያልቆጠሩ አባት ያወቁትን እኛ ካልኩሌተር ይዘን ሳትነው። ይህን ጽሑፍ የምንጽፈው ያ እንዳይደገም ነው።

ውጥረት ማለት ምን ማለት ነው?

ክፍል ውስጥ ቴንሽን የምንለው ውጥረት ገመዱ የታሰረበትን ነገር የሚስብበት ኃይል ነው። ሁለት ነገሮችን ከያዝን ሌላው ይቀላል። አንደኛ፣ ገመድ መሳብ እንጂ መግፋት አይችልም። ሁለተኛ፣ የሚስበው በራሱ አቅጣጫ ብቻ ነው። ገመዱ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ከተዘረጋ ሰሜን ምሥራቅ ይስባል፤ ወደ ላይ ቀጥ ብሎ ከቆመ ወደ ላይ ይስባል።

ክብደት ደግሞ ምን ጊዜም ቁልቁል ነው። ለማስላት ኪሎውን በ9.8 እናባዛለን፤ መልሱ በኒውተን ይወጣል። እዚህ ለማቅለል በ10 እናባዛ። 10 ኪሎ እንግዲህ 100 ኒውተን ነው።

ይህ 10 ኪሎ በአንድ ገመድ ከጣሪያ ቢንጠለጠል የገመዱ ውጥረት 100 ኒውተን ነው። ጎን ለጎን ቀጥ ብለው በወረዱ ሁለት ገመዶች መሃል ቢንጠለጠል እያንዳንዳቸው 50 ኒውተን ይይዛሉ። "ለሁለት መካፈል" ትክክል የሚሆነው እዚህ ላይ ብቻ ነው፤ ሁለቱም ገመዶች ሽቅብ ሲቆሙና ክብደቱ ከመሃላቸው ሲሆን።

ገመዶቹ ወደ ጎን ሲያዘነብሉስ? ይህን ለማወቅ ላብራቶሪ አያስፈልግም። ሁለት ሆናችሁ አንድ ሙሉ ጄሪካን ውኃ ይዛችሁ የሄዳችሁ ሁሉ ታውቁታላችሁ። ተጠጋግታችሁ ስትሄዱ ይቀላል። መንገዱ አስገድዷችሁ ስትራራቁ ያው ጄሪካን ክንድ ይገነጥላል። ውኃው አልጨመረም። የተለወጠው የክንዳችሁ ማዕዘን ነው።

ማዕዘኑ ሁለት እኩል ሲሆን

ምክንያቱ ይህ ነው። ያዘነበለ ገመድ የሚስበው ኃይል ሁለት ድርሻ አለው፤ ሽቅብ የሚያነሳ ድርሻና ወደ ጎን የሚስብ ድርሻ። ክብደቱን የሚሸከመው ሽቅቡ ድርሻ ብቻ ነው። የጎኑ ድርሻ የግራው ወደ ግራ፣ የቀኙ ወደ ቀኝ እየሳቡ እርስ በርስ ይጣፋሉ። ክብደቱን አንዲት ስንዝር እንኳ አያነሱትም፤ ገመዱን ግን ያደክሙታል። ገመዱ ወደ አግድም በተጋደመ ቁጥር ሽቅቡ ድርሻ ይቀንሳል፤ ክብደቱ ግን አይቀንስም። ስለዚህ ያንኑ ክብደት ለመያዝ አጠቃላይ ውጥረቱ መጨመር አለበት።

ማዕዘኑን ከአግድም መስመር ጀምረን ስንለካ ሽቅቡ ድርሻ "ውጥረት × ሳይን ማዕዘን" ነው፤ የጎኑ ድርሻ "ውጥረት × ኮሳይን ማዕዘን" ነው። ሁለቱ ገመዶች እኩል ካዘነበሉ፦

ውጥረት = ክብደት ÷ (2 × ሳይን ማዕዘን)

100 ኒውተን ተንጠልጥሎ ማዕዘኑን ብቻ እየቀነስን ብንሄድ በእያንዳንዱ ገመድ ላይ የሚያርፈው እንዲህ ይሆናል፦

90 ዲግሪ፦ 50 ኒውተን
60 ዲግሪ፦ 58 ኒውተን
45 ዲግሪ፦ 71 ኒውተን
30 ዲግሪ፦ 100 ኒውተን
15 ዲግሪ፦ 193 ኒውተን
10 ዲግሪ፦ 288 ኒውተን
5 ዲግሪ፦ 574 ኒውተን
1 ዲግሪ፦ 2,865 ኒውተን

ይህን ዝርዝር አንድ ጊዜ ቆም ብላችሁ እዩት። 30 ዲግሪ ላይ እያንዳንዱ ገመድ ሙሉውን ክብደት ብቻውን የተሸከመ ያህል ይወጠራል። ከዚያ በታች አንዱ ገመድ ብቻ ከክብደቱ በላይ ይሸከማል። 1 ዲግሪ ላይ 10 ኪሎ ዕቃ ገመዱን 286 ኪሎ እንደተንጠለጠለበት አድርጎ ይወጥረዋል።

0 ዲግሪስ? የ0 ሳይን 0 ነው፤ በ0 ማካፈል ደግሞ አይቻልም። ይህ የሒሳብ ክልከላ ብቻ አይደለም። መሃሉ ላይ ክብደት የተንጠለጠለበት ገመድ ፍጹም ቀጥ ሊል አይችልም ማለት ነው። የፈለገውን ያህል ሰው ቢስበው፣ ሽቦም ቢሆን፣ ትንሽ ይረግባል፤ አለዚያም ይበጠሳል። ሲከር ይበጠሳል የሚለው የአገራችን አባባል ፊዚክሱም ይኸው ነው።

ማዕዘኖቹ ሲለያዩ

ፈተና ላይ የሚመጣው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱ ማዕዘኖች የተለያዩበት ነው። አንድ ምሳሌ እንሥራ። 10 ኪሎ መብራት በሁለት ገመዶች ተንጠልጥሏል። የግራው ገመድ ከአግድም ጋር 30 ዲግሪ፣ የቀኙ 60 ዲግሪ ይሠራል። የግራውን ውጥረት "ግ"፣ የቀኙን "ቀ" እንበል።

ደረጃ 1፦ ቋጠሮውን ሳሉ። ገመዶቹ የሚገናኙበትን ነጥብ ለብቻው አውጡና በላዩ ላይ የሚሠሩትን ኃይሎች ብቻ በቀስት አሳዩ። ፍሪ ቦዲ ዳያግራም የምንለው ይህ ነው። እዚህ ሦስት ቀስቶች አሉ፤ ግ ወደ ላይና ወደ ግራ፣ ቀ ወደ ላይና ወደ ቀኝ፣ 100 ኒውተን ቁልቁል። ግድግዳውን፣ ጣሪያውንና መብራቱን መሳል አያስፈልግም።

ደረጃ 2፦ የአግድሙን ሚዛን ጻፉ። ቋጠሮው ወደ ግራም ወደ ቀኝም ስለማይሄድ የሁለቱ የጎን ድርሻ እኩል ነው።
ግ × ኮሳይን 30 = ቀ × ኮሳይን 60
ግ × 0.866 = ቀ × 0.5
ስለዚህ ቀ = 1.732 × ግ

ደረጃ 3፦ የሽቅቡን ሚዛን ጻፉ። ቋጠሮው አይወጣም አይወርድም፤ የሁለቱ ሽቅብ ድርሻ ተደምሮ ክብደቱን ያክላል።
ግ × ሳይን 30 + ቀ × ሳይን 60 = 100
ግ × 0.5 + ቀ × 0.866 = 100

ደረጃ 4፦ ከደረጃ 2 ያገኘነውን በቀ ቦታ እንተካ።
ግ × 0.5 + 1.732 × 0.866 × ግ = 100
ግ × 0.5 + ግ × 1.5 = 100
2 × ግ = 100
ግ = 50 ኒውተን፣ ቀ = 86.6 ኒውተን

ደረጃ 5፦ አረጋግጡ። ሽቅቡ 50 × 0.5 = 25፣ 86.6 × 0.866 = 75፤ ድምሩ 100። አግድሙ 50 × 0.866 = 43.3፣ 86.6 × 0.5 = 43.3። ልክ ነው። ይህች ደረጃ ግማሽ ደቂቃ ብትወስድ ነው፤ ብዙ ማርክ ግን ታተርፋለች።

እዚህ አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። ከላይ "የተጋደመ ገመድ ይበልጥ ይወጠራል" ብለን ነበር፤ አሁን ግን ቀጥ ወደማለት ያዘነበለው የቀኙ ገመድ በለጠ። አይጋጭም። የላይኛው ዝርዝር ሁለቱም ገመዶች አብረው ሲጋደሙ የሚሆነውን ነው የሚያሳየው። እዚህ የምናወዳድረው በአንድ ቋጠሮ ላይ ያሉ ሁለት ገመዶችን ነው። በአንድ ቋጠሮ ላይ የጎን ድርሻቸው እኩል መሆን ስላለበት፣ ወደ ላይ የቆመው ገመድ ያንኑ የጎን ድርሻ ለማግኘት ይበልጥ መሳብ አለበት፤ ከክብደቱም የሚበዛውን እሱ ይሸከማል። ጄሪካኑን ይዛችሁ ከፍ ካለው መንገድ ዳር ያለው ጓደኛችሁ ክንዱ ወደ መቆም ሲጠጋ ጭነቱ ወደ እሱ እንደሚያደላው ማለት ነው።

በእርማት ወረቀቶች ላይ ደጋግመን ያየናቸው ስህተቶች አራት ናቸው። አንደኛው ኪሎውን ወደ ኒውተን ሳይለውጡ መቀጠል። ሁለተኛው ማዕዘኑ ከጣሪያው ነው ወይስ ከቁም መስመር ተብሎ የተለካው የሚለውን አለማየት። ከቁም መስመር ከተለካ ሳይንና ኮሳይን ቦታ ይለዋወጣሉ። ሦስተኛው ሁለቱን ውጥረቶች እንደ ተራ ቁጥር ደምሮ "100 መምጣት ነበረበት" ማለት። በምሳሌያችን 50 እና 86.6 ተደምረው 136.6 ናቸው፤ 100 የሚመጣው ሽቅብ ድርሻቸው ብቻ ሲደመር ነው። አራተኛው ካልኩሌተሩ በሬዲያን ሆኖ ሳለ በዲግሪ ማስላት። አራተኛውን ስህተት ከእኛ ውስጥ ያልሠራው የለም።

ሳይን የሚለው ቃል ከየት መጣ?

በመንገዳችን ላይ አንድ ነገር እንጨምር። በየመልመጃው የምንጽፈው ሳይን በስሙ ውስጥ የትርጉም ስህተት ይዞ የሚዞር ቃል ነው። የሕንድ ሊቃውንት በሳንስክሪት "ጅያ" ይሉት ነበር፤ የቀስት ጅማት ማለት ነው። የዐረብኛ ጸሐፊዎች ድምፁን ወስደው "ጂባ" አሉት። አናባቢ ሳይኖረው በጂምና በባ ብቻ ሲጻፍ ግን "ጀይብ" ተብሎም ይነበባል፤ ይኸኛው በዐረብኛ የልብስ ኪስ ወይም ብብት ማለት ነው። በ12ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ላቲን የተረጎሙት ሰዎች ይህን ይዘው "ሳይነስ" አሉት፤ ከዚያ ሳይን ሆነ። በመካከሉ ባግዳድ ላይ የሠራው አቡል ወፋ አልቡዝጃኒ (940–998 እ.ኤ.አ) በዘመኑ እጅግ ትክክለኛ የሆኑ የሳይን ሰንጠረዦችን አዘጋጅቷል። ነሲሩዲን አጡሲ (1201–1274 እ.ኤ.አ) ደግሞ የሦስት ማዕዘንን ጎኖችና ማዕዘኖች የሚያያይዘውን የሳይን ሕግ አስፍሯል። በ1586 እ.ኤ.አ ሲሞን ስቴቪን የተባለው የፍላንደርስ መሐንዲስ ስለ ክብደት በጻፈው መጽሐፉ ኃይሎችን በሦስት ማዕዘን ማስላትን አሳየ። ዛሬ ሦስቱን ቀስቶች ጫፍ ለጫፍ ስናገጣጥም ሦስት ማዕዘን ይሠራሉ፤ በዚያ ላይ የሳይንን ሕግ ብናውል ከላይ የሠራነውን በአንድ መስመር እናገኘዋለን።

የግራው ውጥረት = ክብደት × ኮሳይን የቀኙ ማዕዘን ÷ ሳይን የሁለቱ ማዕዘኖች ድምር

በምሳሌያችን 100 × ኮሳይን 60 ÷ ሳይን 90 = 50። ያው ነው። የቀኙን ለማግኘት የቀኙን ኮሳይን በግራው ኮሳይን ተኩ። ይህን መስመር መልስ ለማረጋገጥ ተጠቀሙበት እንጂ ከላይ ያሉትን ደረጃዎች አትዝለሉ፤ ፈተና ላይ ማርክ የሚሰጠው ለደረጃዎቹ ነው።

ሰባራ ድልድይ

መካነ ሰላም ላይ ሆኖ ወደ ምዕራብ ለሚያይ፣ ከአባይ ገደል ማዶ ጎጃም ነው። ወንዙ ሰዎችን ሲለያይ የኖረ ወንዝ ነውና በገመድ መሻገር ለአባይ ዳር ሰው እንግዳ አይደለም። ከእኛ ሽቅብ፣ ምሥራቅ ጎጃምንና ደቡብ ጎንደርን በሚለየው የአባይ ክፍል፣ በሞጣ በኩል፣ ሰባራ ድልድይ የሚባል አለ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ፋሲል ዘመን የተሠራ የድንጋይ ድልድይ ነው። በጣሊያን ወረራ ጊዜ መሃሉ ፈርሶ ክፍት ቀረ፤ ስሙንም ከዚያ አገኘ።

ከዚያ በኋላ ለብዙ አሥርት ዓመታት ሰው የሚሻገረው በገመድ ነበር። ተሻጋሪው ገመዱን ይታጠቅና በሁለቱም የተሰበረ ጫፍ የቆሙ ሰዎች አንዱ ወገን እየለቀቀ ሌላው እየሳበ ያሳልፉታል። ከሥሩ የአባይ ውኃ ነው።

አሁን የተማርነውን እዚያ ላይ እናውለው። ተሻጋሪው 60 ኪሎ ነው እንበል፤ 600 ኒውተን። መሃል ላይ ሲደርስ ገመዱ በሁለቱም በኩል 30 ዲግሪ ቢያዘነብል እያንዳንዱ ወገን 600 ኒውተን መሳብ አለበት። አንድ ሰው ሳይንሸራተት 400 ኒውተን ያህል ይስባል ብንል ሁለት ሰው ይበቃል። ተሻጋሪው ወደ ውኃው እንዳይወርድ ብለው ገመዱን ወደ 10 ዲግሪ ቢያቀኑት ግን እያንዳንዱ ወገን ከ1,700 ኒውተን በላይ መሳብ ይኖርበታል፤ ይህ ደግሞ በየጎኑ አምስት ሰው ይፈልጋል። አንድ ቀጭን ሰው ለማሻገር ያን ያህል ሰው ገመድ ላይ የሚያሰልፈው የሰውየው ክብደት ብቻ አይደለም፤ ማዕዘኑ ነው።

በ2001 እ.ኤ.አ ኬን ፍራንዝ የተባለ አሜሪካዊ የግንባታ ባለሙያ ሰዎች እንዲህ በገመድ ሲሻገሩ የሚያሳይ ፎቶግራፍ ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ላይ አየ። ከዚያ ተነስቶ ብሪጅስ ቱ ፕሮስፐሪቲ የተባለውን ድርጅት መሠረተ፤ የተሰበረውም ክፍል በ2002 እ.ኤ.አ ተጠገነ። በ2005 እ.ኤ.አ ጎርፍ መልሶ ወሰደው። በ2009 እ.ኤ.አ ደግሞ ከጎርፉ ከፍ ብሎ በብረት ገመድ የተዘረጋ የእግረኛ ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራ።

እንዲህ ዓይነት ድልድይ ላይ ያለፈ ሰው መሃሉ ወደ ታች መስረጉን አይቶ "በደንብ አልወጠሩትም" ሊል ይችላል። እኛም ከላላ ላይ ያልነው ይህንኑ ነበር። መሐንዲሱ ግን መርገቡን አስቀድሞ አስልቶ ነው የሚተወው። የመሃሉ መርገብ የርዝመቱን አንድ ሃያኛ ያህል ነው እንበል፤ ለ100 ሜትር ድልድይ 5 ሜትር መሆኑ ነው። ክብደቱ በርዝመቱ ሁሉ እኩል ሲዘረጋ ብረቱ ጫፉ ላይ ከአግድም 11 ዲግሪ ያህል ያዘነብላል። በቀመራችን ክብደቱን ለ2 × ሳይን 11 ብናካፍል ውጥረቱ የጠቅላላው ክብደት ሁለት ተኩል እጥፍ ያህል ይሆናል። ሰዎችና ከብቶች ሞልተውት ድልድዩ 20 ቶን ቢያነሳ ብረቶቹ በድምሩ 50 ቶን እንደተንጠለጠለባቸው ይወጠራሉ። ጫፎቻቸው ከባድ የኮንክሪት መሠረት ውስጥ የሚቀበሩት ለዚህ ነው። "ያምራል" ብሎ መርገቡን በግማሽ ቢቀንሱት ውጥረቱ ወደ እጥፍ ይጠጋል፤ ያን ጊዜ ብረቱም መሠረቱም እንደገና መታሰብ አለበት።

ባለማማው ድልድይ

ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን ስትወርዱ የምታገኙት የህዳሴ ድልድይ በ2008 እ.ኤ.አ የተመረቀ ሲሆን 303 ሜትር ይረዝማል። ባሕር ዳር ላይ በግንቦት 2016 ዓ.ም የተመረቀው አዲሱ የአባይ ድልድይ 380 ሜትር ነው። ሁለቱም ላይ ከማማዎቹ ወደ መንገዱ የወረዱ ገመዶች ታያላችሁ። ሁለቱም ኤክስትራዶዝድ የሚባለው ዓይነት ናቸው፤ ማማቸው ከተለመደው የገመድ ድልድይ ያጠረ ነው።

የማማው ቁመት ለምን አስፈለገ? ማዕዘን ለመግዛት ነው። ማማው በረዘመ ቁጥር ገመዱ ይቆማል፤ ሽቅቡ ድርሻውም ይበዛል። ማማው ሲያጥር ገመዱ ይጋደማል፤ ሽቅቡ ድርሻ ይቀንስና የጎኑ ይበዛል። ታዲያ በአጭር ማማ እንዴት ቆሙ? መሐንዲሶቹ ክብደቱን ለገመዱ ብቻ አልተዉትም። መንገዱን የተሸከመው ኮንክሪት ራሱ ወፍራምና ጠንካራ ነው፤ ጭነቱን ይጋራል። የገመዱ የጎን ድርሻም አይባክንም፤ ኮንክሪቱን ወደ ማማው ይጫነዋል። ኮንክሪት ደግሞ ሲሳብ ደካማ፣ ሲጨመቅ ብርቱ ነው። የእኛን ገመድ የበጠሰው የጎን ኃይል እዚህ ሥራ ተሰጥቶታል።

በየመንገዱ ዳር ያሉት የመብራት ሽቦዎችም እንዲሁ ናቸው። በምሰሶና በምሰሶ መካከል የሚረግቡት በስንፍና አይደለም። የደጋው ብርድ ሽቦውን ያሳጥረዋል፤ ቀጥ ብሎ ተወጥሮ ቢሆን ኖሮ የምትቀረው ትንሽ ማዕዘን ትጠፋና ውጥረቱ ይንራል።

ወደ ዳሱ እንመለስ

አሁን የዚያን ቀን ሒሳብ ልናወጣ እንችላለን። ስፒከሩ 12 ኪሎ፣ ማለትም 120 ኒውተን ነበር። ምሰሶዎቹ 6 ሜትር ይራራቃሉ፤ ከመሃል እስከ ምሰሶ 3 ሜትር። መርገቡ 15 ሳንቲ ሜትር ነበር ብንል ማዕዘኑ 3 ዲግሪ እንኳ አይሞላም፤ ሳይኑ 0.05 ነው። ውጥረቱ 120 ÷ (2 × 0.05) = 1,200 ኒውተን። ያረጀ ቀጭን ገመድ ላይ 120 ኪሎ ሰቅለን ነበር ማለት ነው።

አባባን ሰምተን መሃሉ 1 ሜትር ተኩል እንዲረግብ ብንተወው ኖሮ ማዕዘኑ 27 ዲግሪ ገደማ፣ ሳይኑ 0.45 ይሆን ነበር። ውጥረቱም 134 ኒውተን አካባቢ ይሆናል። ያው ገመድ፣ ያው ስፒከር፤ የገመዱ ጭንቀት ግን ዘጠኝ እጥፍ ያነሰ። ስፒከሩ ዝቅ እንዳይል ከተፈለገም መፍትሔው ምሰሶውን ማስረዘም ወይም ሌላ እንጨት አግድም አጋድሞ በአጭር ገመድ ቀጥታ ማንጠልጠል ነው፤ ገመዱን ማክረር አይደለም።

ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ከመካከላችን ኢንሻአላህ መሐንዲስ የሚሆን አለ፣ መምህር የሚሆን አለ፣ የገጠር ድልድይ ሲሠራ ቆሞ የሚቆጣጠር አለ። ለኢፍጣር ሸራ የሚወጥር፣ ለመስጂድ መብራት የሚሰቅል ግን ሁላችንም ነን። ገመድ ከማሰራችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ። ማዕዘኑ ስንት ነው? ቢበጠስ ከሥሩ ማን ተቀምጧል? ከ30 ዲግሪ በታች ከሆነ አርግቡት። ለዓይን ባያምርም ይችላል።

ለመለማመድ ይህችን ሞክሩ። 20 ኪሎ ዕቃ በሁለት ገመዶች ተንጠልጥሏል፤ የግራው ከአግድም 45 ዲግሪ፣ የቀኙ 30 ዲግሪ ነው። እያንዳንዱ ስንት ይወጠራል? አምስቱንም ደረጃዎች ጽፋችሁ ሥሩ። የግራው 179፣ የቀኙ 146 ኒውተን አካባቢ ከመጣላችሁ ማሻአላህ። ካልመጣላችሁ ወረቀቱን ይዛችሁ ቅዳሜ ከአስር ሶላት በኋላ ወደ ጥናት ክበባችን ኑ፤ የት እንደሳታችሁ አብረን እናያለን። ገመድ በጥሰን ነው የተማርነው፤ አንስቅባችሁም።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ።